«አቋረጠች» ብላችሁ አትጻፉ

የደም ግፊት ታካሚ ከቀጠሮዋ ቀርታ፣ ከወራት በኋላ አንደበቷ ተሳስሮ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሎ በቃሬዛ ስትመጣ ካርዷ ላይ የሚሰፍረው ቃል የታወቀ ነው፦ «መድኃኒት አቋርጣለች»። ከዚያ ወሬው ይከተላል። ግንዛቤ የላትም፣ ጠበል ይበቃኛል ብላ ነው፣ ሽፈራው እያፈላች ስትጠጣ ነው። ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ፋይሉ ይዘጋል።

እስቲ ካርዱ ያልጻፈው ይቆጠር።

ግሼ ውስጥ ከመኪና መንገድ የራቀች አንዲት እናት ትታሰብ። በብዙ ቦታ እንደሚደረገው የተሰጣት ክኒን የ30 ቀን ነው። መሄጃው አንድ ቀን፣ መመለሻው አንድ ቀን ቢሆን በዓመት 12 ጊዜ ስትመላለስ 24 ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። በእነዚያ ቀናት አረም አለ፣ አጨዳ አለ፣ የጎረቤት ልቅሶ አለ። ደርሳም «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዢ» ልትባል ትችላለች፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን መዋጮዋን በወቅቱ ከፍላ እንኳ። ይህን ሁሉ የምትችለው ደግሞ ለማያማት በሽታ ነው። ወባ ያንቀጠቅጣል፣ ጥርስ ያስጮኻል፤ ግፊት ግን ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን እየጎዳ ድምፁን አያሰማም። ክኒኑም ከሥሩ ነቅሎ አያድንም፣ ዝቅ አድርጎ ይይዛል እንጂ። ሲተዉት ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። (ስሙ ራሱ ያሳስታል። «ደም ብዛት አለብህ» የተባለ ሰው ደሜ በዝቷል ብሎ ዋግምት ቢሄድ ምን ይገርማል?)

ክኒኑም የራሱ ጣጣ አለው። ኢናላፕሪል አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል። አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሸናል፤ ጠዋት ውጠውት ረጅም መንገድ በመኪና ለሚሄዱ ሰዎች ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። «ሳል ከያዘሽ አትተዪው፣ ተመለሺ፣ ሌላ ዓይነት ይቀየርልሻል» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ስንቷ ተነግሯታል?

መንገዱስ? ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ጦርነት የመንዝም የመርሐቤቴም ሰው መኪና የቆመበትን ቀን ቆጥሮ አይዘልቀውም። ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከዓለም ከተማ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ የ30 ቀን ክኒን በ30ኛው ቀን ያልቃል። ይህ ማቋረጥ ነው ወይስ መቋረጥ?

ደግሞ መፍትሔው አዲስ ግኝት የሚጠይቅ አይደለም፤ እዚሁ አገር ተሠርቶበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2017 ጤናቸው የተረጋጋ የኤችአይቪ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በስድስት ወር አንድ ጊዜ እንዲወስዱ ፈቅዳለች። ያው ገበሬ፣ ያው ተራራ፣ ያው መንገድ! ለዚያኛው ክኒን ስድስት ወር የታመነ ሰው ለግፊት ክኒን ሦስት ወር የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዱ ልዩነት በግልጽ ይታያል፦ ለኤችአይቪው መድኃኒት ግሎባል ፈንድና ፔፕፋር ነበሩ። ለግፊት እንዲህ ያለ ለጋሽ የለም፤ ስለዚህ የሚጮህለትም የለም። የታማሚው ቁጥር ትንሽ ሆኖ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች ከመቶ 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ብሎ አግኝቷቸዋል።

«ግፊቱ ሳይለካ መድኃኒት ማስታቀፍ አደጋ ነው» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። መጠኑ እስኪስተካከል ድረስ ልክ ናቸው፤ በእነዚያ ወራት በየወሩ መታየት ግድ ነው። ከተስተካከለ በኋላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ራሱ ክትትሉን በሦስት እስከ ስድስት ወር ያደርገዋል። መለካት ካስፈለገም ቀበሌ ውስጥ ጤና ኬላ አለ። ለሕፃን የሳንባ ምች አንቲባዮቲክ እንድትሰጥ የታመነች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የግፊት መለኪያ ክንድ ላይ ማሰር ያቅታታል ብሎ መከራከር ቀልድ ነው። መለኪያውንና ባትሪውን ስጧት።

«ይሸጡታል» የሚለው መከራከሪያ ደግሞ መልስም አያሻው። የተረፋትን ኢናላፕሪል ገበያ አውጥታ የምትቸረችር የመንዝ አሮጊት ያየ ካለ ይናገር።

ስለዚህ ጥያቄው ለዞኑ ጤና መምሪያና ለጤና ሚኒስቴር ነው፦ ግፊታቸው ለተስተካከለ የሦስት ወር መድኃኒት በአቅራቢያቸው ጤና ጣቢያ ይሰጥ፣ መንገድ በሚዘጋባቸው ወረዳዎች ደግሞ ቀድሞ ይጀመር። ካርዱ ላይም «አቋርጣለች» ከሚለው አጠገብ «ለምን?» የሚል አንድ መስመር ይጨመርበት።

እስከዚያው አዲስ አበባ ያላችሁ ልጆች በሹፌር እጅ መድኃኒት መላካችሁ አይቀርም። ስትልኩ ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት በፎቶ አስልካችሁ፣ ስሙንም ሚሊግራሙንም አመሳክራችሁ ግዙ። 5 የታዘዘላትን እናት 10 አታውጧት። የያዘችው ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን፣ ገና ግማሹ እያለ ላኩት።