የበረራ መለማመጃ በቤት ኮምፒዩተር ላይ ስለ መጫን

ልጅ ዕውቀት ሲሻ ወላጅ መንገዱን ሊጠርግለት ይገባል፤ ነገር ግን በሚጠርግበት ጊዜ ከጥራጊው ጋራ ዕንቍ እንዳይጥል መጠንቀቅ አለበት። ይህንም የምንጽፈው በቤታችን ከደረሰው ነገር ተምረን ነው።

ልጃችን አውሮፕላን መንዳት የሚያለማምደውን ፕሮግራም በጠረጴዛው ኮምፒዩተር ላይ እንድንጭንለት ለመነን። ነገሩ ከጨዋታ የበለጠ መሠረት ያለው ነው። ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ከመሬት ሳይነሣ አብራሪን የሚያስተምር መሣሪያ ሠርቶአል፤ የማይክሮሶፍት ኩባንያም የበረራ ፕሮግራሙን በ1982 ለገበያ አቀረበ።

ልጁ የመረጠው በ2020 የወጣውን ነበር፤ እርሱ ግን 150 ጊጋባይት ባዶ ስፍራ የሚጠይቅ ሲሆን በእኛ ዲስክ ላይ የቀረው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ልጁም ሳያማክረን የማይጠቅም የመሰለውን ሁሉ ያጠፋ ጀመር። ጥቂት ቈይቶ መጥቶ፦ «አባባ፤ ብዙ ፋይል ጣልሁ፤ ስፍራው ግን አልጨመረም፤ መጣያውን ባዶ ላድርገውን?» አለን። የተጣለው ፋይል መጣያው እስኪጸዳ ድረስ በዲስኩ ላይ ስለሚቈይ፥ ስፍራው አለመጨመሩ እውነት ነበር።

እኛም አስቀድመን መጣያውን ከፍተን ብንመለከት፥ ያረፉት እናታችን የልጅነታቸውን ታሪክ ሲነግሩን የቀዳነውን ድምፅ በዚያ አገኘነው። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ልጁን አልተቈጣነውም፤ የአያቱን ድምፅ አብሮን እንዲሰማ አደረግን እንጂ። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ፋይሉንም በገዛ እጁ ወደ ስፍራው መለሰው።

በማግሥቱ ሥራውን በሥርዐት ጀመርን። መጀመሪያ የቤተ ሰቡን ሥዕልና ድምፅ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገለበጥን፤ ሁለተኛ የቀረውን ስፍራ ለካን፤ ሦስተኛ በነጻ የሚታደለውን፥ ስፍራም ብዙ የማይፈልገውን ፍላይትጊር የተባለውን ፕሮግራም ከሠሪዎቹ ከራሳቸው አወረድን፤ ከማይታወቅ ሰው የተገኘ ቅጂ ቫይረስ ሊያመጣ ይችላልና። የምድሩንም መልክ ፕሮግራሙ በሚበርሩበት ጊዜ ጥቂት በጥቂት ከኢንተርኔት ያመጣዋል።

ልጃችን ከቦሌ ተነሥቶ በረረ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ፥ አየሩም ስስ ስለ ሆነ ትንሿ አውሮፕላን ረጅም መንገድ ከሮጠች በኋላ በዝግታ ወጣች። እርሱም ምክንያቱን ጠይቆ ተማረ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ለልጆቻችሁ አዲስ ነገር ከመጫናችሁ በፊት የቈየውን ገልብጣችሁ አኑሩ። ፕሮግራም ቢጠፋ ተመልሶ ይጫናል፤ የእናት ድምፅ ግን ከጠፋ ከወዴት ይወርዳል?