የጋፋት ትምህርት፤ ስለ አዲሱ መሣሪያና ስለ ሠራተኛው

ጥበብ ወደ አንድ አገር የምትገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ዕቃውን ከውጭ ማምጣት ነው፤ ሁለተኛው ሙያውን ተምሮ የራስ ማድረግ ነው። በመጀመሪያው መንገድ የገባች ጥበብ ያመጣት ሰው ሲሄድ አብራ ትሄዳለች፤ በሁለተኛው የገባች ግን ለልጅ ልጅ ርስት ትሆናለች።

ይህን ነገር የደብረ ታቦር ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከከተማው አጠገብ ባለችው በጋፋት፥ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡትን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን መድፍ ባሠሩ ጊዜ፥ የተመኙት መድፉን ብቻ አልነበረም፤ ያገራቸው ልጆች ሙያውን እንዲማሩት ጭምር ነበር እንጂ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል በጋፋት ቀልጦ ተሠራ፤ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት እየተጎተተ እስከ መቅደላ ደረሰ። ነገር ግን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ ወጡ። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ የጋፋት እቶን ግን ጠፍቶ ቀረ። የእጅ ሙያ ያለውን ሰው ወገኑ ጠይብ፥ ቡዳ እያለ ይንቀው በነበረበት ዘመን፥ ዕውቀቱን ተቀብሎ የሚያቆይ ከወዴት ይገኛል? ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት፥ ይህ ንቀት አገርን እንደሚጎዳ ስላወቁ ነው።

ይህን የቆየ ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው አዲስ መሣሪያ ዛሬ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ይተረጉማል፤ ሥዕል ይሥላል። አማርኛው ገና ስሕተት ቢኖርበትም እየተሻለው ይሄዳል። እንግዲህ በፍርድ ቤት ደጅ ተቀምጦ ራፖር የሚጽፈው፥ በጽሕፈት ቤት የሚተይበው፥ በትርጉም ሥራ የሚኖረው ሰው እንጀራው ምን ይሆናል?

መንግሥት ለዚህ ነገር በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ተቋም አቁሟል፤ በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ አጽድቋል፤ በዚያው ዓመት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮምፒውተር ሙያ ለማሠልጠንም ሥራ ተጀምሯል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ፖሊሲ መንገድን ያሳያል እንጂ እንደ ሕግ አያስገድድም።

በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምን ይላል? ምርትን ለማሳደግ አዲስ የአሠራር ዘዴ ያስገባ አሠሪ፥ በማስጠንቀቂያ ሠራተኛ ማሰናበት እንዲችል አንቀጽ 28 ይፈቅዳል። ቅነሳው ከሠራተኞቹ 10 ከመቶ የደረሰ እንደ ሆነ፥ አሠሪው ከሠራተኞች ተወካዮች ጋራ እንዲመክር አንቀጽ 29 ያዛል። ነገር ግን ሰውየውን ከማሰናበቱ በፊት በአዲሱ መሣሪያ እንዲያሠለጥነው አያስገድዱትም። አሠሪ የሌለው ራፖር ጻፊማ ከነጭራሹ በዚህ ሕግ ጥላ ሥር አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ሕግ ቢበዛ ጥበቡ ይሸሸናል ይላሉ። ልጓም ግን ፈረስን ከመሮጥ አይከለክለውም፤ ከገደል ይጠብቀዋል እንጂ። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፥ ሠራተኛን ለመቅጠርና ለማሰናበት የሚያገለግለውን እንዲህ ያለ መሣሪያ ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ቈጥሮ፥ ሰው እንዲቈጣጠረው አዟል። መሣሪያውን ፈጽሞ እንከልክል የሚሉም ቢኖሩ ተሳስተዋል፤ የተከለከለ ጥበብ በጎረቤት ይለመልማል፤ እኛም ገዢዎች ብቻ ሆነን እንቀራለን።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎቻችን ሦስት ነገር እንዲያስቡ እንለምናለን። አንደኛ፥ በአዲሱ መሣሪያ ምክንያት ሰው የሚቀንስ አሠሪ አስቀድሞ እንዲያሠለጥነው ይገደድ። ሁለተኛ፥ ማንም ሠራተኛ በመሣሪያ ፍርድ ብቻ አይሰናበት። ሦስተኛ፥ አሠሪ ለሌላቸው ባለሙያዎች የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲና በየአካባቢው ያሉት የሙያ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ይክፈቱላቸው።

ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ የጎተተው የሕዝብ ክንድ ነው፤ መድፉን ማቅለጥ ግን ሳይማር ቀረ። ዛሬም ሌላው የሠራውን የምንጎትት ብቻ እንዳንሆን፥ ሠራተኛውን ከጥበቡ ጋራ የሚያስተሳስር ሕግ በጊዜው ይውጣልን።