መኪናዋ ነዳጅ ስታበዛ ማንን እንጠይቅ?

የወር ወጪያችሁን ዝርዝር ስታወጡ፣ ከቤት ኪራይና ከትምህርት ቤት ክፍያ ቀጥሎ የሚያስደነግጣችሁ የቤንዚን ሂሳብ ሳይሆን አይቀርም። ዋጋውን እኛ አንወስነውም። መኪናችን የምትጠጣውን መጠን ግን መቆጣጠር እንችላለን። ብዙዎቻችን የምንነዳው ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለች፣ በካርቡሬተር ሳይሆን በኢንጀክተር የምትሠራ ኮሮላ ወይም ቪትዝ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚህ ወር ነዳጅ የምታበዛ መኪና ችግሯ እንዴት እንደሚገኝ እንነጋገር። ትኩረታችን ጥገናው ሳይሆን ምርመራው ነው። ብዙ ጊዜ ኪሳችንን የሚያራቁተው ሳይመረመር የሚቀየር ዕቃ ነውና።

ምልክቱን መለየት

በመጀመሪያ መኪናዋ እውነት ነዳጅ አብዝታ እንደሆነ እናረጋግጥ። ታንኩን ሙሉ አስሞሉና ኪሎ ሜትሩን መዝግቡ። ለጥቂት ቀናት ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ሙሉ አስሞሉ። የተነዳውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ስታካፍሉት መልሱን ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 300 ኪ.ሜ. ሄዳችሁ 30 ሊትር ከገባ፣ በአንድ ሊትር 10 ኪ.ሜ. ማለት ነው። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ብትመዘግቡ ጋራዥ የምትገቡት በግምት ሳይሆን በቁጥር ነው።

ቀጥሎ ጭሱን ተመልከቱ። ጥቁር ጭስ የበዛ ነዳጅ ነው። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል የሞተር ዘይት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ደግሞ ወደ ሞተሩ የገባ የራዲያተር ውሃን ያመለክታል። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ሲፈታ አጠገቡ ሁኑ። ጫፋቸው ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ነዳጅ በዝቷል። ጥቁር ሆነው ቅባት ያለው እርጥበት ካላቸው ግን ጉዳዩ ዘይት ነው፤ ምርመራውም ሌላ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተነገረውን ነው

ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። በኢንጀክተር በሚሠራ ሞተር ይህን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው። ኮምፒውተሩ ግን በራሱ ምንም አያይም። ምን ያህል አየር እንደገባ፣ የሞተሩ ውሃ ምን ያህል እንደሞቀ፣ በጭሱ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ የሚነግሩት ሴንሰሮች ናቸው። በገበያ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህ አይጠፋንም። ከቅርንጫፍ የመጣው የሽያጭ ሪፖርት የተሳሳተ ከሆነ፣ በእሱ ላይ የሚሠራ ጥሩ ዕቅድም ኪሳራ ያመጣል። ያኔ ሥራ አስኪያጁን ከመቀየር በፊት ሪፖርቱን ማጣራት ይቀድማል።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሰበብ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ነው» የሚል ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ በእርግጥ ነዳጅ ያበዛል። በኢንጀክተር የሚሠራ ሞተር ግን በአብዛኛው የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቁር ለሚያጨስ ኢንጀክተር ከፍታው ምክንያት አይሆንም።

ብርድ የያዛት መኪና

የታላቅ እህቴ መኪና ነዳጅ ማብዛት ስትጀምር የተወሰደችበት ጋራዥ ወዲያው የኦክስጅን ሴንሰር አስገዛ። ለውጥ አልመጣም። ኢንጀክተሮቹ ታጠቡ፤ አሁንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ «ኮምፒውተሩ ይቀየር» ተባለ። እህቴ ለኮምፒውተሩ ከመክፈሏ በፊት ሌላ መካኒክ አማከረች። ሰውየው መኪናዋን ቀዝቃዛ እያለች አስነሳና ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ጎማ በእጁ ያዘ። ጎማው ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ለብ ማለት ጀመረ። «እትዬ፣ ይቺ መኪና ብርድ ነው የያዛት» አላት። ቴርሞስታቱ የለም። ቀደም ሲል መኪናዋ ስትግል «መፍትሔ» ተብሎ ወጥቶ ነበር።

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃውን ከራዲያተሩ አግዶ የሚይዝ ትንሽ በር ነው። ሲወጣ፣ ወይም ተከፍቶ ሲቀር፣ ሞተሩ ተገቢው ሙቀት ላይ አይደርስም። ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና እየሞቀ ነው ብሎ ነዳጅ መጨመሩን ይቀጥላል። ሴንሰሩም ኮምፒውተሩም እውነቱን ይዘዋል፤ ሞተሩ በእርግጥ ቀዝቃዛ ነው። አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ ለመጋሏ ምክንያት የነበረው ራዲያተርም ታጠበ። በወር አራት ጊዜ ታስሞላ የነበረችው እህቴ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ይበቃኛል አለች።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ኪስን ያድናል።

አንደኛ ሙቀቱ ይታይ። ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ ይለካ። በብዙ ቶዮታዎች ሴንሰሩ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ማሳየት አለበት። ሞቆም ከፍተኛ ቁጥር የሚያሳይ ከሆነ ለኮምፒውተሩ «ብርድ ነው» እያለ ይዋሻል። የዳሽቦርዱ የሙቀት መርፌ ትክክል መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በብዙ አሮጌ መኪኖች መርፌው የራሱ የተለየ ሴንሰር አለው።

ሁለተኛ የነዳጅ ግፊቱ ይታይ። ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንኩ የሚመለስባቸው መኪኖች ሞተሩ ላይ የግፊት መቆጣጠሪያ አላቸው። ከእሱ ጋር የተያያዘችው ቀጭን ጎማ ስትነቀል ውስጧ ቤንዚን ከተገኘ የመቆጣጠሪያው ስስ ሽፋን ተቀዷል ማለት ነው። ይህን መካኒክ ይሥራው፤ እሳትና ሲጋራም አይቅረብ።

ሦስተኛ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይፈለግ። የሞቀች መኪና ጠፍታ ትንሽ ከቆየች በኋላ ለመነሳት የምታስቸግር፣ ስትነሳም ጥቁር ጭስ የምትለቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደዚህ ያመራል።

አራተኛ ማርሚታው ይታይ። ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት ቱቦው ከተሰነጠቀ የውጭ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ያንን ኦክስጅን አይቶ «ነዳጅ አንሷል» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ይጨምራል። የማይሠራ ካንዴላም እንዲሁ ያሳስታል፤ ያልተቃጠለው አየር ሴንሰሩ ጋ ይደርሳልና።

እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ የኦክስጅን ሴንሰሩ ተራ ይመጣል። ሞተሩ ሲሞቅ የተለመደው ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየወጣና እየወረደ መሥራት አለበት። የአየር ፊልትሮ መቆሸሽ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚባለው አይደለም። በኢንጀክተር ሞተር ላይ ከነዳጁ ይልቅ የሚቀንሰው ጉልበት ነው።

የምርመራ ማሽን የምትቀበል መኪና ካለቻችሁ፣ ኮዱ ብቻ ተነቦ አይብቃ። ፊውል ትሪም የሚባለውን ቁጥር አስነብቡ። ቁጥሩ በጣም ኔጋቲቭ ከሆነ ኮምፒውተሩ ነዳጁ መብዛቱን አውቆ እየቀነሰ ነው፤ እንግዲያው ግፊት ወይም የሚያንጠባጥብ ነገር ይፈለግ። በጣም ፖዘቲቭ ከሆነ ነዳጅ የሚጨምረው እሱ ራሱ ነው፤ እንግዲያው ማን እንዳሳሳተው ይፈለግ። ማሽን በማይገባባቸው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ ቶዮታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ መካኒኩ ሞተሩ አጠገብ ባለችው ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በሽቦ ሲያገናኝ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ እያለ ኮዱን ይቆጥራል። 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 21 የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ኮድ አለመኖሩ ግን ጤነኛ መሆኗን አያረጋግጥም። ጨርሶ ያልተበላሸ፣ ትንሽ የሚዋሽ ሴንሰር ኮድ አያወጣም።

ከገንዘቡ በላይ

የበዛው ቤንዚን ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል፣ ሞተሩም ያለ ዕድሜው ያረጃል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ቤንዚን ከሸተተ አትዘግዩ። ከዚህ የሚብሰው ግን ለሰው የሚተርፈው ነው። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ይገድላልም። ጠዋት ልጆች ቁርስ ሲበሉ በመኝታ ቤቱ መስኮት ሥር፣ ግቢ ዘግቶ መኪና የማሞቅ ልማድ ያለን ቤተሰቦች ዛሬውኑ እናቁም። በሩን ከፍተን፣ መኪናዋን ወደ ውጭ አውጥተን እናስነሳት።

ጋራዥ ስትሄዱ «ምን ልግዛ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ምን ለካችሁ? ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቁጥር ከሆነ ሥራውን ስጡት። «ቀይረን እንየው» ከሆነ ግን የሚታየው በእናንተ ገንዘብ ነውና፣ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሌላ መካኒክ አማክሩ።