በሩ ቢዘጋም ገንዘቡ አለ

ወገኖች! በወልቂጤና በቡታጅራ ገበያ በቴሌብር መክፈል ተለምዷል። ጠላት መስመሩን ቢያጨናንቀውስ? ምን ያህል ያሰጋል?

ወፍጮ ቤትን እናስብ። መቶ ሰው እህል ሳይዝ በሩ ላይ ቢጋፋ፣ እህል የያዘው አይገባም። ወፍጮው ግን አልተሰበረም፤ እህሉም አልተሰረቀም። መረብ ማጨናነቅም እንዲሁ ነው። ክፉዎች ከብዙ ኮምፒውተር የሐሰት ጥያቄ ያጎርፋሉ።

በ1999 ዓ.ም. ይህ በኢስቶኒያ አገር ደረሰ። የባንኮችና የጋዜጦች አገልግሎት ለሳምንታት ታወከ። ማጨናነቁ ግን የሰው ገንዘብ አልወሰደም።

እንግዲህ ጉዳቱ መዘግየት ነው። ለመድኃኒት መግዣ ሲሆን ግን መዘግየትም ይጎዳል። ስለዚህ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በእጃችን ይኑር። መስመር ሲጠፋ «ላስተካክልልህ» ለሚል ሰው የምስጢር ቁጥራችንን አንንገር። ገንዘብ የሚሰረቀው ያኔ ነው።