ሕመም የማይዘጋው መዝገብ



ውድ አንባብያን፣ ከዚህች ዱንያ አወጣጣችን እንደየሰዉ ይለያያል። በድንገት የሚጠራ አለ፤ ወራትንና ዓመታትን በአልጋ ላይ አሳልፎ የሚጠራም አለ። በዚህ ወር ዓምዳችን ልናነሳ የወደድነው የሁለተኛውን ነገር ነው። ይኸውም፣ ብዙ ታሞ የሞተብንን ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም መምህር እንዴት አድርገን እናስታውሰው? የሚል ነው።

ድሬዳዋ ውስጥ በከዚራም ይሁን በመጋላ፣ በሳቢያንም ይሁን በለገሃሬ፣ ለተዕዚያ የገባ ሰው የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነው። «ስንት ጊዜ ተኛ?»፣ «እህል ይቀምስ ነበር?»፣ «በመጨረሻ ሰው ይለይ ነበር ወይ?» እየተባለ ይጠየቃል። ከዚያም «አይ፣ እሱስ አረፈ፤ አላህ ይዘንለት» ተብሎ ይደመደማል። ይህ ሁሉ ከርኅራኄ የሚመነጭ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስድሳና ሰባ ዓመት ሙሉ የሠራ፣ ያስተማረ፣ የነገደ፣ ልጆች ያሳደገ ሰው በሁለት ዓመት ሕመሙ ብቻ ሲታወስ አንድ ነገር ይጎድላል። በተለይ አያታቸውን ከአልጋ ላይ በቀር የማያውቁ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ጉድለት ትልቅ ነው። ለእነርሱ አያት ማለት የመድኃኒት ሽታና «ዝም በሉ፣ ተኝቷል» የሚል ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ሃይማኖታችን በዚህ ላይ ምን ያስተምረናል? ኢማም አል ቡኻሪ ከአቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ውስጥ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ትልቅ የምሥራች ነግረውናል። የአላህ ባሪያ ሲታመም ወይም መንገደኛ ሲሆን፣ ጤነኛና በአገሩ ነዋሪ ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ ይጻፍለታል። ሌሊት ይሰግድ የነበረና ዛሬ መቆም ያቃተው፣ ደረሳ ያስተምር የነበረና ዛሬ አንደበቱ የተያዘበት ሰው መዝገቡ አይታጠፍም ማለት ነው። እንግዲህ አላህ (ሱ.ወ.) የጤናውን ዘመን ሥራ እየጻፈለት ሳለ፣ እኛ የሕመሙን ዘመን ብቻ ለምን እንጽፍለታለን?

ከከተማችን ታሪክ አንድ ዓሊም

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልን ሕይወታቸው ከድሬዳዋ ጋር የተሳሰረ የአንድ ታላቅ ዓሊም ታሪክ እናንሳ። እኚህ ሰው ሼህ በክሪ ሳጳሎ ናቸው። የተወለዱበት ስም አቡበከር ገራድ ዑስማን ሲሆን፣ «ሳጳሎ» በሐረርጌ ይኖሩባትና ያስተምሩባት ከነበረችው መንደር የመጣ መጠሪያ ነው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በዘመኑ ልማድ መሠረት ቁርአንና ኪታብ በሐረርጌ ዑለማዎች ዘንድ ቀርተው፣ በኋላም ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ደረሳ ሰበሰቡ። ከዲን ትምህርት ጋር ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሒሳብና የከዋክብት ትምህርት ይሰጡ እንደነበር ይነገርላቸዋል። በኦሮምኛ የገጠሟቸው ግጥሞችም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፉ በሰፊው ተሰራጭተው ነበር።

ሼህ በክሪን ከሌሎች የሚለያቸው ግን ሌላ ሥራቸው ነው። ኦሮምኛን በዐረብኛም ሆነ በግዕዝ ፊደል ሲጽፉ አንድ ችግር ይገጥማቸው ነበር። በኦሮምኛ አናባቢ ሲረዝምና ሲያጥር ቃሉ ይለወጣል። ለምሳሌ «መሬት» እና «ለስላሳ» የሚሉት ሁለት ቃላት የሚለያዩት በአናባቢ ርዝመት ብቻ ነው። የድምፅ መጥበቅና መላላትም እንዲሁ ትርጉም ይለውጣል። እኛም በአማርኛ «አለ» ብለን ስንጽፍ ተናገረ ይሁን ይገኛል ይሁን ከዐረፍተ ነገሩ ካልሆነ በቀር ከፊደሉ አንለየውም። እንግዲህ ሼሁ ይህን ችግር ለመፍታት እ.ኤ.አ. በ1956 ለቋንቋው የሚስማማ ራሱን የቻለ ፊደል ፈጠሩ። ትልቅ የትምህርት ተቋም፣ ማተሚያ ቤትና ደመወዝ ሳይኖራቸው፣ በስድሳ ዓመታቸው ገደማ ያደረጉት ነው።

ፊደሉ በተማሪዎቻቸውና በአካባቢው ሰው ዘንድ መለመድ ሲጀምር የጊዜው ባለ ሥልጣናት ሰጉ። በዚያ ዘመን ኦሮምኛ የትምህርትም የጽሕፈት ቤትም ቋንቋ አልነበረም። ስለዚህም ሼህ በክሪ እ.ኤ.አ. በ1965 በድሬዳዋ ከተማ የቁም እስረኛ ሆኑ። ሆኖም ብዕራቸው አልታሰረም። «ሸልዳ» የተባለችውን የሕዝቡን በደል የምትገልጽ አነስተኛ ጽሑፍ ያዘጋጁት በዚሁ በእስራቸው ዘመን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የድሬዳዋ ሽማግሌዎች ያስታውሱታል። እ.ኤ.አ. በ1974 አብዮቱ ፈነዳ፤ በ1977 ጦርነቱ እስከ ከተማይቱ ደረሰ፤ ቀይ ሽብርም ተከተለ። ታዋቂ ሰዎች ከየቤታቸው በሚጠፉበት በዚያ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ያለፈው ሼህ ከባለቤታቸው ጋር ወደ ሶማልያ ተሰደዱ። ሥራዎቻቸውን እዚያ ለማሳተም ተስፋ ነበራቸው። ያገኙት ግን የስደተኛ ጣቢያ ኑሮ ነበር። እርጅናውና ሕመሙ፣ ድካሙና ችግሩ ተደማምሮ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1980 (መጋቢት 27 ቀን 1972 ዓ.ም.) በዚያው በስደት እንዳሉ ወደ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

አሁን ቆም ብለን እናስብ። ስለእኚህ ሰው መጨረሻቸውን ብቻ ይዘን ብንናገር «በስደተኛ ጣቢያ ታመው የሞቱ ሽማግሌ» ከማለት በቀር ምን ይቀረናል? አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሕይወታቸውን አይነግረንም። ከላይ በጠቀስነው ሐዲስ ውስጥ የተነሱት ሁለቱ ሁኔታዎች፣ ሕመምና ከአገር መራቅ፣ በመጨረሻ ዘመናቸው በአንድነት ደርሰውባቸዋል። የአላህን ውሳኔ እኛ አንናገርም፤ የማስተማራቸው ምንዳ ግን በዚያ ድንኳን ውስጥም ይጻፍላቸው እንደነበር ተስፋ እናደርጋለን።

ሼሁ በሞቱ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሄይዋርድና ሙሐመድ ሐሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን ስለ ፊደሉ የጻፉት ጥናት በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1991 ኦሮምኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ሲወሰን የእርሳቸው ፊደል አልተመረጠም። ቋንቋው ይጻፍ፣ ይማሩበት የሚለው ፍላጎታቸው ግን ተፈጸመ፤ ዛሬ በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች በኦሮምኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ይህን ታሪክ ዛሬ ልናወራ የቻልነው ጽሑፎቻቸውን ያስቀመጡና ትዝታቸውን ለጠያቂ የነገሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ወደየቤታችን ስንመለስ

ውድ አንባብያን፣ ሁሉም ቤት ፊደል የፈጠረ ዓሊም የለውም። ሆኖም ብዙ ታሞ የሞተ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ይህ ጉዳይ ይመለከተዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁም።

በመጀመሪያ ዕዳ ይቅደም። ረጅም ሕመም ገንዘብ ይበላል፤ ከመድኃኒት ቤት፣ ከጎረቤትና ከዘመድ የተወሰደ ብድር ሳይጻፍ ይቀራል። ሟች ራሱ ከመታመሙ በፊት ገበያ ላይ የተበደረውም ይኖራል። ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ዕዳው መከፈል፣ ኑዛዜውም መፈጸም አለበት። ኑዛዜ ደግሞ ልክ አለው። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ታመው ሳለ ንብረታቸውን በብዛት ሊናዘዙ ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሲሶ እንዳያልፉ፣ ሲሶውም ብዙ እንደሆነ ነግረዋቸዋል። ወራሾችን አጥተው ከሚለምኑ ይልቅ ተብቃቅተው መተው ይሻላልና።

ሁለተኛው የረመዳን ጾም ነው። ይድናል ተብሎ የማይጠበቅ ሕመምተኛ ላልጾመው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምስኪን ይመገብለታል። ይድናል ተብሎ ሲጠበቅ የሞተው ደግሞ የራሱ ድንጋጌ አለው። ቤተሰቡ በግምት ከመወሰን ይልቅ የሰፈሩን ዓሊም ቀርቦ ይጠይቅ።

ሦስተኛው ሰደቃ ነው። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ.) እናታቸው እርሳቸው በሌሉበት ሲሞቱባቸው፣ ስለ እርሷ ሰደቃ ባወጣ ይጠቅማታልን? ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። አዎን ሲባሉ የተምር እርሻቸውን በእናታቸው ስም ሰጡ። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ለመንገደኛ የሚሆን የመጠጥ ውኃ ማስቀመጥ፣ ለመድረሳ ምንጣፍ ወይም ቁርአን መስጠት አቅም የማይጠይቅ፣ ምንዳው ግን የሚቀጥል ሥራ ነው።

አራተኛውና ብዙዎቻችን የምንረሳው፣ ሟች የተወውን ወረቀትና ድምፅ መጠበቅ ነው። ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ ተምረናል፤ ከሦስቱ አንዱ ሌሎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት ነው። በኪታብ ኅዳግ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ፣ መንዙማ ወይም ትምህርት የተቀዳበት አሮጌ ካሴት፣ የሒሳብ ደብተር፣ ደብዳቤ፣ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ አለ። ቤቱ ሲጸዳ ከአሮጌ ልብስና ከባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ጋር አብሮ እንዳይወጣ አደራ እንላለን። ወጣቶች ሆይ፣ በእጃችሁ ያለው ስልክ ወረቀቱን ፎቶ ለማንሳት፣ ካሴቱን ለመገልበጥ ይበቃል። በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ደግሞ ሕመም አንደበታቸውን ሳይዘው ዛሬውኑ ጠይቁ። «ማን ዘንድ ቀሩ? ምን ሠሩ? ማንን አስተማሩ?» በሉ።

አምስተኛው አስታማሚውን ማስታወስ ነው። ብዙ ጊዜ ሸክሙ በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ይወድቃል። ሌሊት የምታገላብጥ፣ የምታጥብ፣ የምትመግብ እርሷ ናት። ሞት ሲመጣ ግን ለተዕዚያ የሚመጣው ሰው ወንድሞቿን ጨብጦ ይወጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻ ሕመማቸው በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ቤት ታስታመው እንደነበር፣ ይህም ከታላላቅ ክብሮቿ አንዱ ሆኖ እንደሚነገር አንዘንጋ። ለአስታማሚዋ ዱዓ እናድርግ፤ እንድታርፍም ጊዜ እንስጣት። ለሚቀጥሉት ልጆች ስለ ሟች ብዙ ልትነግር የምትችለውም እርሷ ናት።

በመጨረሻም ለተዕዚያ ስንገባ ጥያቄያችንን እንለውጥ። ስለ ሕመሙ አንድ ጊዜ ከተጠየቀ ይበቃል። ከዚያ በኋላ «መጀመሪያ የተዋወቅነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ ይህን መልካም ነገር አድርጎልኛል» እንበል። ልጆቹም ተቀምጠው ይስሙ። ያን ጊዜ አባታቸው ወይም እናታቸው ቆመው ሲሄዱ፣ ሲሠሩና ሲስቁ ያዩአቸዋል። ያዩትንም መልካም ነገር ለመከተል ይነሳሳሉ፤ ለወላጁ ዱዓ የሚያደርግ ደግ ልጅም ከሦስቱ የማይቋረጡ ሥራዎች አንዱ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በአልጋ ላይ ላሉት ሺፋውን፣ ለሚያስታምሙት ሶብሩን፣ ለሄዱብን ደግሞ ራሕመቱን ይስጥልን። የሕመማቸውን እያንዳንዱን ሌሊት ለኃጢአታቸው ማበሻ ያድርግላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።