ድር ቢያብር ድንጋይ ይቆርጣል

«መምህር፣ ሽቦ እንዴት አድርጎ ድንጋይ ይቆርጣል?» ብሎ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል መስሎኝ «አልማዝ ስላለበት ነዋ!» ብዬ አለፍሁት። መልሴ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ምን ያህል ጎደሎ እንደ ነበረ የተረዳሁት ተማሪዎቼን ይዤ አንድ የእብነ በረድ ፋብሪካ ለመጎብኘት በሄድሁ ቀን ነው። የዚያን ቀን የሆነውን ከመናገሬ በፊት ግን፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ሽቦው ጠባይ ጥቂት እናውጋ።

በኢጣልያ አገር ካራራ ከሚባለው ተራራማ ስፍራ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ ነጭ እብነ በረድ ሲወጣ ኖሯል። የጥንት ሰዎች ድንጋዩን የሚፈነቅሉት በመሮና በሽብልቅ ነበር፤ ኋላም ባሩድ መጣ። ባሩድ ግን ጉልበት እንጂ ማስተዋል የለውም፤ አንዱን ድንጋይ ሲፈነቅል ሌላውን ሰነጣጥቆ ያበላሻል። ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሽቦ ሥራ ጀመረ። ሦስት የብረት ሽቦዎች እንደ ገመድ ተገምደው፣ ጫፍና ጫፋቸው ተጋጥሞ፣ በመዘውሮች ላይ በሴኮንድ 5 ወይም 6 ሜትር ያህል እየሮጡ ድንጋዩን ይበሉት ጀመር።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ። ቆራጩ ሽቦው አልነበረም፤ ከላይ ከውሃ ጋር የሚፈስለት አሸዋ ነበር። በ1812 ፍሪድሪክ ሞስ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ማዕድናትን እንደ ጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 10 በደረጃ አስቀምጧቸዋል። እብነ በረድ የተሠራበት ማዕድን 3ኛ ነው፤ የአሸዋ ቅንጣት 7ኛ፣ አልማዝ 10ኛ ነው። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይፍቀዋል። የሽቦው ተግባር በግምዱ መካከል ባለው ቦይ አሸዋውን ይዞ መጎተት ብቻ ነበር። ነገር ግን አሸዋው ድንጋዩን ሲፍቅ ሽቦውንም ጨምሮ ይፍቃል። ስለዚህ የካራራ ሰዎች ሽቦውን እጅግ ያስረዝሙት ነበር፤ አንዳንዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ሽቦ ሲረዝም መበላቱ በርዝመቱ ሁሉ ይከፋፈላል፤ ከድንጋዩ ወጥቶ እስኪመለስም በነፋሱ ይቀዘቅዛል።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ በዚያው በካራራ የአልማዝ ሽቦ የአሸዋውን ሽቦ ቦታ መውሰድ ጀመረ። የዛሬው ሽቦ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የብረት ገመድ ሆኖ፣ የአልማዝ ቅንጣት ያለባቸው 10 ወይም 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍሩ ዶቃዎች ልክ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተውበታል። ለእብነ በረድ በአንድ ሜትር 30 ያህል፣ ጠንካራ ለሆነው ለግራናይት ደግሞ 40 ያህል ዶቃ ይሰካል። በዶቃዎቹ መካከል ለእብነ በረድ ሞላ ሊገባ ይችላል። የግራናይት ብናኝ ግን እንደ ሞረድ ሆኖ ገመዱን ስለሚበላው፣ ለግራናይት ገመዱ በፕላስቲክ ወይም በጎማ ይሸፈናል። በአገራችንም እንደ ዳለቲ ባሉ ስፍራዎች እብነ በረድ ስለሚወጣ ይህን ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ገመዱ ለምን አንድ ወጥ ብረት አልሆነም? ወጥ ብረት ይበልጥ የሚጠነክር አይመስልምን?

እርሳስና ወረቀት አንሡ። 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ወጥ ብረት 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው መዘውር ላይ ሲታጠፍ የውጭ ገጹ ይለጠጣል። የልጠጣውን መጠን ለማግኘት የሽቦውን ውፍረት ለመዘውሩ ስፋት ማካፈል ነው፤ 5 ለ500 ሲካፈል ከመቶ አንድ እጅ ይሆናል። ይህ ለብረት ብዙ ነው፤ ጥቂት ጊዜ ሲመላለስበት ይሰበራል። ነገር ግን ያው ገመድ ከ49 ቀጫጭን ሽቦዎች ቢገመድ የእያንዳንዱ ውፍረት ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ልጠጣውም ከሺህ አንድ እጅ ገደማ ይሆናል። ይህን ብረቱ ብዙ ጊዜ ይችለዋል። አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት በሒሳብም የተረጋገጠ ነው።

ብዙ ጊዜ ይችለዋል አልሁ እንጂ ለዘለዓለም አላልሁም። 20 ሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ በሴኮንድ 30 ሜትር ቢሮጥ በሴኮንድ አንድ ተኩል ጊዜ ይዞራል። ሁለት መዘውር ካለ በየሴኮንዱ ሦስት ጊዜ ይታጠፋል ማለት ነው። በስምንት ሰዓት ሥራ 86,400 ጊዜ! ብረትም እንደ ሰው ይደክማል፤ ድካሙ ግን በፊቱ ላይ አይነበብም። መዘውሩ ሲሰፋ ድካሙ ይቀንሳል፤ ሽቦው ከልክ በላይ ሲወጠር ይጨምራል። ውጥረቱ ሲላላ ደግሞ ሽቦው ይዋልላል፤ ቁርጡም ይጣመማል።

ሌላም ምስጢር አለ። ባለሞያዎች ሽቦውን ከመግጠማቸው በፊት በየሜትሩ አንድ ወይም አንድ ተኩል ዙር ያህል ያከሩታል። እንዲህ ሲሆን ሽቦው ሲሮጥ በራሱ ላይም ስለሚሽከረከር ዶቃዎቹ በዙሪያቸው እኩል ይበላሉ። ካልከረረ ግን ዶቃው በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ መቁረጡን ይተዋል።

እንግዲህ ወደ ጉብኝታችን ልመለስ። በፋብሪካው ውስጥ ከሰው ቁመት የሚበልጡ ሁለት መዘውሮች ሽቦውን እያሽከረከሩ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይቆርጡ ነበር። ተማሪዎቼ ደኅና አድርገው እንዲያዩ ብዬ ከመዘውሩ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮው በር አጠገብ አሰለፍኋቸው። በመኪናው ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ይህን ሲያዩ እጃቸውን እያወናጨፉ መጡ።

«ልጄ፣ እነዚህን ልጆች ከሽቦው ትይዩ አንሣልኝ! ይህ ሽቦ ቅጥል ነው» አሉኝ።

ነገሩን ስጠይቃቸው፣ ሽቦው ከአሮጌና ከአዲስ የተቀጠለ መሆኑን ነገሩኝ። የአሮጌው ዶቃ ተበልቶ ቀጥኗል፤ የአዲሱ ገና ወፍራም ነው። ቀጭኑ በቀደደው ጠባብ መንገድ ወፍራሙ ሊያልፍ ሲል ይሰነቀራል። «ለአለቃችን ተናግሬ ነበር፤ ‹አባባ፣ የዛሬን በዚሁ ይጨርሱልኝ፤ አዲስ ሽቦ ውድ ነው› አለኝ» አሉና ወደ መኪናው ተመለሱ።

ተማሪዎቼ እያጉረመረሙ ወደ ጎን ዞሩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ጠመንጃ ያለ ድምፅ ተሰማ። ሽቦው ተበጠሰ። ሞተሩ ቆሞ አቧራው ሲረጋ በሩን አየሁት። በአንድ ልጅ ደረት ቁመት ላይ ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ከገመዱ ጫፍ የተፈናጠረ አንድ ዶቃ ቆርቆሮውን በስቶ ወጥቷል። በዚያ ቦታ ልጆቹን ያሰለፍኋቸው እኔው ነበርሁ። ኮሌጅ ገብቼ ፊዚክስ የተማርሁት እኔ ያላወቅሁትን፣ እኒያ ሽማግሌ ከሽቦው ድምፅ ያውቁት ነበር።

ይህን የጻፍሁት ለማስፈራራት አይደለም። ከአንባቢዎቼ መካከል ነገ በፋብሪካ የሚሠሩ፣ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ በግዢ ክፍል ተቀምጠው የዋጋ ማቅረቢያ የሚያመዛዝኑ አሉ። ወረቀቱ ላይ «የመቁረጫ ሽቦ፣ 50 ሜትር» ተብሎ ሲመጣላችሁ ዝቅተኛውን ዋጋ ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ለየትኛው ድንጋይ ነው? ገመዱ ከስንት ሽቦ ተገምዷል? በሜትር ስንት ዶቃ አለው? ሽፋኑ ምንድን ነው? ካለው አሮጌ ሽቦ ጋር ይቀጠላል ወይስ ለብቻው ይሠራል? ወንበራችሁ ከመዘውሩ ቢርቅም፣ በሽቦው ትይዩ የሚቆም ሰው መኖሩን አትርሱ።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ያንን ተማሪ አስነሣሁትና ጥያቄውን እንዲደግመው አደረግሁ። በዚህ ጊዜ መልሱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ፈጀ።