እኔም አስተማሪ ነበርኩ

ሳቁብኝ እንጂ እኔ አስተምሬ አውቃለሁ። በ2008 ዓ.ም. የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ አስራ አንድ። ቡታጅራ አካባቢ ባለው የገጠር ትምህርት ቤታችን «ከልጅ ለልጅ» የሚባል ፕሮግራም ነበር። አሰራሩ ቀላል ነው፤ ከፍ ያሉት ተማሪዎች ከመምህር አጭር ስልጠና ይወስዱና በየሰፈራቸው አንደኛ ክፍል ለመግባት የደረሱ ሕፃናትን ሰብስበው በጨዋታ ያለማምዷቸዋል። ለእኔ ስድስት ደረሱኝ።

ቆርኪ እንቆጥራለን፣ ቅጠል ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደረድራለን፣ ተረት እንጫወታለን፣ ሀሁን በእንጨት መሬት ላይ እንጽፋለን። ከስድስቱ አንዷ ሁልጊዜ ታናሽ ወንድሟን አዝላ ነበር የምትመጣው። ቤቷ የሚነገረው ጉራጊኛ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ። ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ብላ ታየን ነበር። በኋላ ግን ቆርኪውን በሁለቱም ቋንቋ ቆጥራ እኛኑ ማረም ጀመረች! ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን ፈተና አልፌም አላገኘሁት።

ከዚያ የበርበሬ ለቀማ ደረሰ። እኔ ወደ ማሳ፣ ልጆቹም ወደየቤታቸው። ቡድኑ በዚያው ተበተነ፤ «የት ደረሳችሁ?» ያለን ሰው የለም። ልጅቷ በዓመቱ አንደኛ ክፍል ገባች፤ ገና ሳይደርስ ቀረች። ጥፋቱ የእኔ ነው አልልም፤ ግን «የማን እንደሆነ እንጃ» ብዬ ማለፍም አልቻልኩም።

ይህንን ለክፍል ጓደኞቼ ሳወራ አንዱ «ድሃ አገር ነን እኮ፣ ከምንም ይሻላል» አለኝ። ልክ ነው፣ ይሻላል። ችግሩ ከምንም የሚሻለው ነገር እንደ በቂ መቆጠሩ ነው። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ስለ ቅድመ መደበኛ ትምህርትና የሕፃናት እንክብካቤ የፖሊሲ ማዕቀፍ በጋራ ያወጡት በ2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዜሮ ክፍል በብዛት ተከፍቷል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን እኔ ባየኋቸው ክፍሎች ሕፃናቱ እግራቸው መሬት በማይነካበት ዴስክ ላይ ተደርድረው «ሀ በሉ» ሲባሉ ነው የሚውሉት። ጨዋታው የት ሄደ?

ማኅበረሰቡ አቅም የለውም የሚባለውንም አልቀበልም። ቄስ ትምህርት ቤቱና ቁርአን ቤቱ በማን ይተዳደሩ ነበር? ወላጅ እህልም ሳንቲምም አዋጥቶ አስተማሪውን ያኖር ነበር። (አለንጋውን አይደለም የናፈቅኩት።) ዛሬም እድሩ ድንኳንና ወንበር አለው፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠች ወጣትም በየሰፈሩ አትጠፋም። ለእሷ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ቢዋጣላት፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቢያሰለጥናትና ቢከታተላት፣ ሕፃናቱ ዓመቱን ሙሉ የሚያጫውታቸው ሰው ያገኛሉ። የአምስተኛ ክፍሉ ልጅ ረዳቷ ይሁን። ኃላፊነቱ ግን የትልቅ ሰው ነው፤ አዝመራ ሲደርስ የሚበተን መሆን የለበትም።

ጋዜጠኛ እንሆናለን የምንለው እኛስ? ስለ መዋዕለ ሕፃናት የምንሰማው ዜና አብዛኛውን ጊዜ ሪባን ሲቆረጥ ነው። በኅዳር፣ በለቀማው ሰዓት ሄዶ «ስንት ልጅ ቀረ?» ብሎ የጠየቀ ዘጋቢ እስካሁን አልሰማሁም። ለሚቀጥለው የተግባር ልምምድ እኔ በኅዳር ወደዚያው መንደር ልሄድ አስቤያለሁ። መቅረጸ ድምፅ ያለውና አብሮኝ የሚሄድ ካለ ይንገረኝ።